ከተራራው እስከ ባሕሩ፣ የበሽታውን ስም እየጠራን

ነሐሴ 19 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ዓርብ ንጋት 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከአሥራ ሁለታችን የመጀመሪያው ሯጭ በኦሪገን ግዛት ከሁድ ተራራ ወገብ፣ ከቲምበርላይን ሎጅ ደጃፍ ተነስቶ፣ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ በጨለማው ውስጥ ቁልቁል መሮጥ ጀመረ። እኔ በዚያ ሰዓት ፖርትላንድ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ። በሁለተኛው መኪና ከሚሳፈሩት ስድስት ሰዎች አንዷ ስለነበርኩና ተራዬም ከሰዓት በኋላ ስለነበረ፣ መተኛት ይገባኝ ነበር። እንቅልፍ ግን አልመጣልኝም። ስልኬን ደረቴ ላይ አስቀምጬ የመነሻውን ፎቶግራፍ እጠባበቅ ነበር። ፎቶግራፉ ሲደርሰኝ ከሯጩ ፊት ይልቅ ዓይኔ ያረፈው ደረቱ ላይ ባለው ጽሑፍ ላይ ነው። በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «ስለ ካንሰር እንነጋገር» ይላል። ይህችን ሦስት ቃል ሸሚዝ ላይ ለማሳተም የወሰደብን ጊዜ ለሩጫው ከተለማመድንበት ጊዜ አይተናነስም።

ውድድሩ ሁድ ቱ ኮስት ይባላል። በ1982 እ.ኤ.አ. ቦብ ፉት የተባለ የኦሪገን ሯጭ ሲጀምረው የተካፈሉት 8 ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ዛሬ በየዓመቱ ከ1,000 የሚበልጡ ቡድኖች ይሮጡበታል። አንድ ቡድን 12 ሰዎች አሉት፤ መንገዱ በ36 ዙር ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ከ6 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ጠቅላላ ርቀቱ 320 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ለአገር ቤት አንባቢ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ዓባይ በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስን ጥቂት የማለፍ ያህል ነው። ሩጫው ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም። አንዱ ሲሮጥ ሌሎቹ በሁለት መኪና ተከፍለው ወደሚቀጥለው መቀባበያ ይቀድማሉ፤ ስድስቱ ሲሮጡ ስድስቱ ያርፋሉ። ዘገምተኛ ቡድን ገና ሳይነጋ፣ ፈጣን ቡድን ከቀትር በኋላ ይነሳና፣ ሁሉም በ36 ሰዓት ውስጥ ሲሳይድ በምትባለው ከተማ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ባለው አሸዋ ላይ ይጨርሳል። በዱላ ፈንታ የሚቀባበሉት ክንድ ላይ ሲመታ ራሱ የሚጠመጠም የእጅ ማሰሪያ ነው። በሌሊት በላብ የራሰች ያቺ ማሰሪያ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ስትሸጋገር የምታሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ወደዚህ ሩጫ ያስገቡኝ በሕይወታቸው ሮጠው የማያውቁ ሴት ናቸው። በፖርትላንድ ያለን ብዙ ሐበሾች እማማ እያልን እንጠራቸው ነበር፤ ስማቸውን አልጽፍም፤ ይህንንም የምጽፈው ልጃቸው ስለፈቀደችልኝ ነው። ለክርስትናው፣ ለሠርጉ፣ ለተዝካሩ እንጀራ የሚጋግሩት እርሳቸው ነበሩ። ጡታቸው ላይ እብጠት ሲያገኙ ለማንም አልተናገሩም። ብርድ ነው አሉ፤ ቆይተው ደግሞ የእጅ ድካም ነው አሉ። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ከቆዩ በኋላ ልጃቸው በግድ ሐኪም ቤት ስትወስዳቸው በሽታው አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው ሲመክሩበት በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ። እርሳቸው ግን ሸሸጉት፤ እኛም አብረን ሸሸግንላቸው። ለቅሶው ላይ ለሚጠይቅ ሁሉ የተሰጠው መልስ «ትንሽ አሟቸው ነበር» የሚል ነው። ያ መልስ የተነገረው ከክፋት ሳይሆን ከአክብሮት ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ከነበሩት ሴቶች መካከል ያንኑ እብጠት ይዛ ዝም ያለች ሌላ ሴት ብትኖር፣ ከእኛ አንዳች ነገር አልሰማችም።

ከአርባቸው በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ነርስ የሆነች አሜሪካዊት፣ በሁድ ቱ ኮስት ቡድን እንዳቋቁም መከረችኝ። ውድድሩ በይፋ ገንዘብ የሚያሰባስብለት የፕሮቪደንስ የካንሰር ተቋም ነው፤ ተቋሙ እዚሁ ፖርትላንድ ባለው የምርምር ማዕከሉ የሰውነት የመከላከል አቅም ካንሰርን ለይቶ እንዲዋጋ ለማድረግ ይመራመራል። እኛ ደግሞ ከምንሰበስበው ገንዘብ ግማሹን በአዲስ አበባ ለሚሠራው ለማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለመላክ ወሰንን። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው፤ ለረጅም ዓመታትም በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከክፍለ ሀገር ተነስቶ ለዚህ ሕክምና አዲስ አበባ የሚመጣ ድሃ ሰው ወረፋው እስኪደርሰው የሚያድርበት ቤት ያስፈልገዋል፤ ማኅበሩም ለእንደዚህ ያሉ ሕሙማን ማረፊያ አለው። የገንዘባችን ግማሽ ወደዚያ እንደሚሄድ መናገራችን ብዙ በር ከፍቶልናል።

ቡድኑን ለማቋቋም ብዙ አልተቸገርኩም። ከአሥራ ሁለታችን ዘጠኙ ሐበሾች፣ ሦስቱ አሜሪካውያን ነበሩ። ከእኛ መካከል በወጣትነቱ በክለብ የሮጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሌሎቻችን የታክሲ ሾፌር፣ የፋርማሲ ሠራተኛ፣ ተማሪና የልጆች እናቶች ነን። የመመዝገቢያውን፣ የመኪና ኪራዩንና የምግቡን ወጪ ከኪሳችን ከፈልን፤ ሰው ለሕሙማን ብሎ የሰጠው ገንዘብ ለቤንዚን መዋል የለበትም የሚል ጽኑ እምነት ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ። በዚህ ጉዳይ ሌላ ቡድን ሌላ አሠራር ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን በማኅበረሰባችን ውስጥ የተዋጣ ገንዘብ የት እንደገባ ሳይታወቅ የቀረባቸው ጊዜያት ስላሉ፣ ለጠየቀን ሁሉ «ከሰጡን አንዲት ሳንቲም ለእኛ አልዋለችም» ብለን በልበ ሙሉነት መመለስ ነበረብን።

ከባዱ ሥራ መጠየቁ ነበር። መዋጮ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እድር አለን፤ አንድ ወገናችን በሰው አገር ሲሞት አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመሸኘት የሚያስፈልገው ገንዘብ በሁለት ቀን ውስጥ ሲሞላ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በዚህም እኮራለሁ። ይሁን እንጂ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ያን ያህል ፈጥኖ የሚዘረጋው እጃችን የሚዘረጋው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። እማማን ለመቅበር ሁላችንም ነበርን፤ ለማስመርመር ግን አንዳችንም አልነበርንም፤ ምክንያቱም አልተነገረንም፤ ያልተነገረንም እንዲህ ያለ ነገር የሚነገርበት ቦታ ስላላዘጋጀን ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ስንጠይቅ የበሽታውን ስም ሳንጠራ ላለመጠየቅ ተስማማን። «ያ ክፉ በሽታ» ወይም «የማይድነው» የሚሉትን አባባሎች ትተን፣ ካንሰር፣ የጡት ካንሰር ብለን በስሙ ልንጠራው ወሰንን። በተለይ «የማይድነው» የሚለው አጠራር እጅግ ያሳዝነኛል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙ ሰው የሚድንበትን በሽታ በስሙ ብቻ የሞት ፍርድ ያደርገዋል።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ለመናገር ፈቃድ አግኝቼ ስቆም እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሩጫው ምን እንደሆነ ለማስረዳት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመሠረተው፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ጀመርኩ፤ እርሱንም ሁሉም ያውቀዋል፤ በዚያም ሰዎች ለበጎ አድራጎት ገንዘብ እያሰባሰቡ ይሮጣሉ። ከዚያ ስለ እማማ ተናገርኩ። የበሽታቸውን ስም ስጠራ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ከኋላ አንዲት እናት አማተቡ፤ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ የሞተን ሰው ገበና ማውጣት ነውር ነው» አሉኝ። መልስ የሰጠችው የእማማ ልጅ ናት። ተነስታ፣ ድምፅዋ ሳይርገበገብ፣ «አባባ፣ ገበና አይደለም፤ ሕመም ነው። እኔ ነኝ ንገሪ ያልኳት» አለች። ጸጥታው ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የማውቀው፣ ባለቤቱ ሞታበት ሁለት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «የኔም በዚሁ ነው የሄደችው። ለማንም አልተናገርኩም» አለ።

የዚያን ዕለት የተሰበሰበው ገንዘብ ብዙ አልነበረም። ከዚያ በኋላ እስከ ሩጫው ባሉት ቀናት ግን ስልኬ አላረፈም። ሃያ ዶላር የሚልክ ሰው ከሃያ ዶላሩ ጋር የእህቱን፣ የአክስቱን፣ የራሱን ታሪክ ይልክልኝ ጀመር። አንዲት ከባሕረ ሰላጤው አገር የምትሠራ የአንድ ሯጫችን እህት ከወር ደሞዟ ላይ ቀንሳ ላከች፤ በማስታወሻዋም የእናታቸውን ስም ብቻ ጻፈች። የእነዚያን ሰዎች ስም፣ የቀሩትንም የሞቱትንም፣ በአንድ ደብተር ላይ ጻፍኩና በመኪናችን መስኮት በኩል አስቀመጥኩት።

እንግዲህ ወደ ሩጫው ልመለስ። የመጀመሪያው መኪና ስድስቱን ዙር ጨርሶ ሳንዲ በምትባለው ከተማ ማሰሪያውን ያስረከበን ከረፋዱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ዓርብ ስለነበረ ከቡድናችን አብዛኛው ጾመኛ ነው፤ በሶ በጥብጠን፣ ቆሎና ዳቦ ይዘን ነበር። በሶ ለረጅም ሩጫ ከማንኛውም ከሱቅ ከሚገዛ የጉልበት ምግብ የተሻለ እንደሆነ አሜሪካውያኑ ጓደኞቻችን እዚያው መኪና ውስጥ አረጋገጡ። የእኔ የመጀመሪያ ዙር በቀድሞ የባቡር ሐዲድ መስመር ላይ በተሠራው፣ ከግሬሻም ወደ ፖርትላንድ በሚወስደው የእግረኛ መንገድ ላይ ነበር፤ ሙቀቱ ከበድ ከማለቱ በስተቀር ብዙ የምናገርለት የለኝም። በዊላሜት ወንዝ ዳር ለመጀመሪያው መኪና አስረክበን ወደ ቤት ሄደን ታጠብን፤ ማታ ሴንት ሄለንስ ላይ ልንረከባቸው ተነሳን።

የሌሊቱ ዙር ግን ሌላ ነገር ነው። ከሴንት ሄለንስ በኋላ መንገዱ የኮለምቢያን ወንዝ ሸለቆ ትቶ በደን ወደተሸፈኑት ኮረብታዎች ይወጣል፤ ከፊሉ አስፋልት የሌለው ጠጠር ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች የሚያስነሱት አቧራ በግንባር መብራት ፊት እንደ ጭጋግ ይንሳፈፋል፤ አፍንጫዬን በሻሽ ሸፍኜ ነው የሮጥኩት። በውድድሩ ሕግ መሠረት በሌሊት የሚሮጥ ሰው ሁሉ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ መልበስ፣ ከፊቱ መብራት መያዝ፣ ከኋላው ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ መብራት ማሰር አለበት። ማሰሪያው እጄ የገባው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ግማሽ የነበረችው ጨረቃ ገብታለች። ከፊቴ በሩቁ ሁለት ቀይ ነጥቦች ይታዩኛል፤ ከዚያ ሌላ የራሴ ትንፋሽና የጠጠሩ ድምፅ ብቻ ነው።

እማማ በመጨረሻዎቹ ወራት ስልክ የሚደውሉልኝ በዚህ ሰዓት ነበር። ሕመም ሌሊት ይበረታል። ቀን ሰው ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ቴሌቪዥኑ ይናገራል፤ ሌሊት ግን ሰውየውና ሕመሙ ብቻቸውን ይፋጠጣሉ። «ነቃ ብለሽ እንደሆነ ብዬ ነው» ይሉኝና ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ጎጃም ክረምት፣ ስለ ቡሄ ችቦ ያወሩኝ ነበር፤ ስለ በሽታው ግን አንድም ቀን አላወሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። በዚያ ዳገት ላይ ይህ ሁሉ መጣብኝ። ለምን አልጠየቅኳቸውም? ሳል መጣብኝና ቆምኩ፤ ቆሜ አለቀስኩ። ከኋላዬ የደረሰች የማላውቃት ሴት ትከሻዬን ነክታ «ደህና ነሽ ወይ?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ጥቂት አብራኝ ተራመደችና ቀስ በቀስ መሮጥ ጀመርን፤ እስከ ዳገቱ ጫፍ ድረስ እርምጃዋን ከእርምጃዬ ጋር አስተካክላ ሮጠች። እዚያ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር ቀደመችኝ። እኔም አቡነ ዘበሰማያትን በእርምጃዬ ልክ እየደገምኩ ቀሪውን መንገድ ጨረስኩት።

ከ9 ሰዓት በኋላ ሚስት በምትባለው ትንሽ መንደር ያለው መቀባበያ ደረስን። ከፖርትላንድ አካባቢ የሚመጣ ቡድን ሦስት በጎ ፈቃደኞችን ማቅረብ ግዴታው ነው፤ እኛ ካቀረብናቸው አንዷ በአዳራሹ ያማተቡት እናት ነበሩ። እትዬ እላቸዋለሁ። ከስድሳ ዓመት በላይ ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከጋቢው በላይ የሚያንጸባርቀውን ሰደርያ ደርበው፣ መኪኖቹን በባትሪ መብራት እየመሩ ስመለከታቸው በድካሜ ውስጥ ሕልም መሰለኝ። የሚመጣውን ሯጭ ሁሉ፣ የየትኛው ቡድን ይሁን፣ «በርቱ! አይዟችሁ!» እያሉ በአማርኛ ያበረታቱ ነበር፤ ፈረንጆቹም ቃሉን ተቀብለው እየደገሙላቸው ያልፉ ነበር። ከቴርሞሳቸው ቡና ቀድተው ሰጡኝ። ምንም አላሉኝም፤ ፊቴን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

ሜዳው ላይ ሳር ላይ ጥቂት ተኛን። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ባሕሩ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ የመኪናው ሰልፍ አልንቀሳቀስ አለ። ይህ በየዓመቱ የሚያጋጥም ነው ይላሉ። የኔ ተራ እየደረሰ፣ መኪናችን ግን ቆሞ ስለነበር፣ ወርጄ የመንገዱን ጠርዝ ይዤ ወደ መቀባበያው ሮጥኩ፤ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ስደርስ የቡድናችን ተማሪ ማሰሪያውን ይዞ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲጠብቀኝ ቆይቷል፤ እግሩ ደርቆ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ማሰሪያውን ክንዴ ላይ መታና «ሂጂ፣ ሂጂ!» አለኝ።

ሲሳይድ የደረስነው ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላይ ነው፤ ከተነሳን 33 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆኗል። እንደ ልማዱ አሥራ አንዳችን አሸዋው ላይ ቆመን የመጨረሻውን ሯጭ ጠበቅንና አብረን መስመሩን አለፍን። የእማማ ልጅ ደብተሩን ይዛ ነበር። ባሕሩ ቀዝቃዛ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ሁላችንም እስከ ጉልበታችን ገባንበት። በጠቅላላው የሰበሰብነው 9,460 ዶላር ነው፤ ለሁለቱም ወገኖች እኩል ተከፍሎ ተልኳል፤ ደረሰኞቹም በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል።

ማታ ወደ ፖርትላንድ ስንመለስ እትዬ ከአጠገቤ ነበሩ። ሌሎቹ ተኝተዋል። ከረጅም ዝምታ በኋላ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «ያ ምርመራ ያልሽው፣ ለእንደኔ ዓይነት ሰው ቀጠሮው እንዴት ነው የሚያዘው?» አሉኝ። ለምን እንደጠየቁኝ አልጠየቅኳቸውም ነበር፤ ኋላ ግን የእማማ የሌሊት ስልክ ትዝ አለኝና ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። ሰኞ ጠዋት አብረን ደወልን፤ የሕመሙን ስም ለአስተርጓሚዋ የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። ቀጠሮው ለማክሰኞ መስከረም 8 ተይዟል፤ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከቤታቸው አነሳቸዋለሁ።